«ከጨው በቀር አይገዛም» የተባለለት ቤት

በቤተሰባችን ሁሉም ሰው የሚያውቃት አባባል አለች። «ያ ቤት ከጨው በቀር ከገበያ የሚገዛው ነገር አልነበረም።» ሠርግ ላይ ትነገራለች። ለቅሶ ላይ ትነገራለች። ዘመድ ተሰብስቦ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ አንዱ አጎቴ ይጀምራታል፣ ሌላው ይጨርሳታል።

ያ ቤት የቅድመ አያቴ ቤት ነው። ያለው ደራ ውስጥ ነው። ከባህር ዳር ተነስታችሁ ወደ ወረታ ስትሄዱ፣ ሐሙሲት ላይ አስፋልቱን ትታችሁ በግራ በኩል ወደ ሐይቁ ትወርዳላችሁ። ጉብታ ላይ ስለተሠራ ከደጁ ቆሞ ጣናን ማየት ይቻላል። ከጣሊያን ወረራ በፊት እንደተሠራ ሁሉም ይስማማል።

እኔ ባህር ዳር ተወልጄ ያደግሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ምን ገባ፣ ምን ወጣ ስል ነው የምውለው። ስለዚህ ያቺ አባባል በተነሳች ቁጥር ጥያቄ ይመጣብኛል። እውነት ከጨው በቀር ምንም? ማረሻውስ? ጥጡስ? ቡናውስ? ወደዚያ ስሄድ ደብተር ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ሽማግሌ ባገኘሁ ቁጥር እየጠየቅሁ ጻፍኩ።

መጀመሪያ ስለ ግቢው ልንገራችሁ። አንድ ቤት ብቻ አልነበረም። በድንጋይ ካብ የታጠረ ሰፊ ቅጥር ነው። መሃል ላይ አዳራሹ፣ ከጀርባው እልፍኙ፣ ጎን ለጎን ማድ ቤቱና ወፍጮ ቤቱ። ዝቅ ብሎ በረቱ፣ ከፍ ብሎ ጎተራዎቹ። አዳራሹ ክብ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቦክቶ፣ ሰንብቶ የተለሰነ ነው። ጭዱ ጭቃውን አንድ ላይ ስለሚይዘው ሲደርቅ አይሰነጣጠቅም። ምሰሶው የጽድ ነው፤ ጽድን ምስጥ አይደፍረውም። በሩ ዋንዛ ነው። ክዳኑ ሰንበሌጥ ነበር። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሰንበሌጡን ከውስጥ እያጠነ ከተባይ ይጠብቀዋል። ሁሉም በእግር ከሚደረስበት ቦታ የመጣ ነው። እስከዚህ ድረስ አባባሏ ትክክል ናት።

ጎተራዎቹ ከመሬት ከፍ ብለው ድንጋይ ላይ ነበር የሚቀመጡት። እርጥበት እንዳይገባቸው፣ አይጥም እንዳይወጣባቸው። እልፍኙ ውስጥ ደግሞ ጎታዎች ነበሩ። ከእበት፣ ከጭድና ከጭቃ የተሠሩ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ። እህሉ ከላይ ይገባል፣ ከታች ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። የቀዳዳዋ ውታፍ በቅድመ አያቴ ሚስት እጅ ነበረች። ያለሳቸው ፈቃድ ማንም አይነቅላትም። ቤቱን ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ስማቸው ግን ከባላቸው ስም ያነሰ ይነሳል፤ ይህ ይቆጨኛል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ የማሳው አያያዝ ነው። ላይኛው መሬት ጤፍ፣ ዳጉሳና ኑግ ይዘራበታል። ታችኛው ደግሞ የሐይቁ ነው። ጣና ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ሞልቶ ይቆማል፤ ከዚያ እየጎደለ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጥሎት የሚሄደው ጥቁር መሬት ውሃ የጠገበ ነው። ሽምብራና ጓያ ያለ ዝናብ ይበቅልበታል። ባሕር ሽሽ ይሉታል። ስለዚህ ቤቱ በዓመት ሁለት መኸር ነበረው፦ አንዱ ከሰማይ፣ አንዱ ከሐይቁ። ከላይ ያለው ጤፍ በበረዶ ቢመታ እንኳ ታች ያለው ሽምብራ ይተርፋል። ከብቶቹም እንዲሁ ናቸው። የፎገራ ላሞች በክረምት ጉብታው ላይ ይውላሉ፣ በበጋ ሐይቁ ወደሸሸበት ሣር ይወርዳሉ።

ጾሙም የቤቱን ጓዳ ይመራ ነበር። አጥብቆ የሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ላሞቹ ግን አይጾሙም፤ ይታለባሉ። በጾም የተናጠው ቅቤ አይበላም። በኮሰረትና በኮረሪማ ይነጠርና በቅል ይቀመጣል። ሁዳዴ ሲፈታ ለፋሲካ የሚወጣው እሱ ነው። በጾሙ ደግሞ የቤቱ ቅባት ኑግ ነው። ኑጉ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ይጨመቃል። የወጡ ሽሮ ከራሱ ሽምብራ ነው፤ የሽምብራው ገለባ እንኳ ለከብት ይሰጣል። የሚጣል ነገር አላገኘሁም። እበቱ ኩበት ይሆናል፣ አመዱ ከጓሮው ጎመን ሥር ይበተናል፣ አተላው ለከብት ይቀርባል።

አተላ ካልኩ ዘንድ ጠላውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጌሾው ከእልፍኙ ጀርባ ነበር። ግንዶቹ አሁንም ያቆጠቁጣሉ። ብቅሉ ከቤት፣ አሻሮው ከቤት፣ እንኩሮው ከዳጉሳ። ጋኑን በወይራ ያጥኑታል። ጠላ የዚያ ግቢ ደሞዝ ነበር። አጨዳ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። አገሩ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ እየዘፈነ ያጭዳል፣ ማታ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ገንዘብ አይከፈለውም። ነገ እሱም ሲጠራ ይመጣለታል። ይህ በእኩዮች መካከል ነው። ለባለ ግቢው ግን የአገሩ ሰው ሁሉ ይመጣል፤ ባለ ግቢው ለማን ማሳ ማጭድ ይዞ እንደወረደ የነገረኝ የለም።

እንግዲህ ወደ ደብተሬ ልመለስ። ከውጭ ምን ገባ?

ጨው፤ ይህን ሁሉም ያምናል። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በአህያ ስንት ተራራ አልፎ ነው እዚህ የሚደርሰው። ቀጥሎ ብረት። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩ፣ እርፉ ከግቢው እንጨት ተጠርቧል። ማረሻው ግን የቀጥቃጭ ነው። ያለ ማረሻ ሌላው ሁሉ እንጨት ነው። ከዚያ ጥጥ። ጣና ዳር ወይና ደጋ ስለሆነ ጥጥ አይሆንለትም፤ ከአባይ ቆላ ይመጣል። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ጋቢና ቀሚስ አድርጎ የሚሠራው ሸማኔ ነው። ቡናው የዘጌ ነው። ዘጌ እንደምታውቁት አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም። አቡነ በትረ ማርያም ከበትራቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አበቀሉ ይባላል፤ ሕዝቡም በዚያው ኖሯል። ስለዚህ ቡናና ሎሚ በታንኳ ሐይቁን አቋርጦ ይመጣል፣ እህል ተጭኖ ይመለሳል። ታንኳውን ከደንገል የሚያስሩት፣ ዓሣውን የሚያወጡት፣ የወፍጮውን ድንጋይ ጠርበው የሚያመጡት ነገደ ወይጦዎች ናቸው።

ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ፣ ወይጦ። ቤቱ ያለ እነዚህ ሰዎች አንድ ዓመት አያድርም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን ከበላተኛው እኩል ገበታ የሚቀርቡ አልነበሩም። ቡዳ ነው ይባላሉ፣ አይጋቧቸውም፣ ርስት የላቸውም። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለህ ማዕድህን ትከለክለዋለህ። ይህን በልጅነታቸው ያዩ ሽማግሌዎች ሲነግሩኝ እንደ ተራ ነገር ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የከበደኝ አንዱ ይህ ነው።

ከዚያው ዳርቻ ወደ ሰሜን ብትሄዱ፣ እንፍራዝ አጠገብ የጉዛራ ግንብ አለ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው። እሱም ጉብታ ላይ ሆኖ ጣናን ያያል። ጎብኚ ሲመጣ ኖራውንና ድንጋዩን ያደንቃል፤ ማድነቅም ይገባዋል። እኔ ግን ከደራው ግቢ በኋላ እዚያ ስሄድ ዓይኔ የሚፈልገው ወፍጮው የት እንደነበር ነው። ስንት ሰው በላ ከተባለ፣ ስንት ሰው ፈጨ መባል አለበት።

እማሆይን ያገኘኋቸውም ስለ ወፍጮ ልጠይቅ ሄጄ ነው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያልፋል። ተወልደው ያደጉት በዚያ ግቢ ነው። አሁን መንኩሰው ከቤተክርስቲያኑ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት ይኖራሉ። ስሄድ ሽምብራ ቆልተው ነው የተቀበሉኝ።

«ዶሮ ሲጮህ እንነሳለን» አሉኝ። «ጎንበስ ብለሽ መጁን በሁለት እጅሽ ትገፊያለሽ፣ ትስቢያለሽ። ለጌቶች የሚሆነው ሁለቴ ይፈጫል፤ ለኛ የሚሆነው አንዴ። ድግስ ያለ እንደሆነ ሌሊቱንም ነው። ትከሻዬ ዛሬም ክረምት ሲገባ ያውቀዋል።»

«ምን ትበሉ ነበር እማሆይ?»

«ደህና ዘመን ዳጉሳ። ክፉ ዘመን ጓያ።»

ጓያ ብዙ ከተበላ እግር እንደሚያሽመደምድ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። የሚያውቁትም በሰው አይተው ነው። እማሆይ ስለ አንድ እረኛ ነገሩኝ፤ አብሯቸው ያደገ፣ በጓያ ምክንያት ሁለት ዱላ ተመርኩዞ የቀረ።

ከዚያ አባባሏን አነሳሁላቸው። «ያ ቤት ከጨው በቀር አይገዛም ነበር ይላሉ» አልኳቸው።

«እናቴስ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«እናቴ የተገዛች ናት ልጄ። አልነገሩሽም?»

እናታቸው ከመተከል በኩል በልጅነቷ ተነጥቃ የመጣች ናት። ከእጅ ወደ እጅ ተሽጣ ደራ ደረሰች። ቅድመ አያቴ በማርትሬዛ ብር ገዟት። ስንት ብር እንደሆነ እማሆይ አያውቁም፤ እናታቸውም አታውቅም ነበር። ስም አወጡላት፣ ክርስትና አስነሷት፣ ወፍጮ ቤት አስገቧት። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ሲሻር እማሆይ ሕፃን ነበሩ። ነፃ ናችሁ ተባለ። «ወዴት ትሂድ?» አሉኝ። «ቋንቋዋን ረስታለች። ወገኗ የት እንዳለ አታውቅም። መሬት የላትም። እዚያው ፈጨች።» እናታቸው የሞተችው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ይህን ለአጎቶቼ ስነግር አልካዱም። «እንደ ልጅ ነው ያደጉት» ነው ያሉኝ። «ከአንድ ማዕድ ነው የበሉት።» ይሆናል። አንዳንዱ ጌታ ከሌላው የተሻለ ነበር፣ ይህንም እማሆይ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ቅድመ አያቴ እጃቸውን አንስተው አልመቷቸውም። ግን ልጅ ርስት ይወርሳል። እማሆይም እናታቸውም አንድ ጥማድ አልወረሱም። ጎታው ሙሉ ሆኖ ዓመት ከዓመት የደረሰው በእነሱ ትከሻ ነው። ይህ ከደብተሬ መጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ ያለበት ነገር ነው፤ ጻፍኩትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ከየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ግቢው ሰው ማጣት ጀመረ። የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲከፈት ጎረምሶቹ ደሞዝ ፍለጋ ሄዱ። ጋቢውን ሸማኔ ጋ ከማሠራት ከከተማ መግዛት ቀለለ። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአሥር ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተባለ፣ በቅጥር ሰው ማሳረስም ተከለከለ። አዳራሹ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ሲከፋፈል ደግሞ በደርግ ጊዜ ሹም ለነበረ «ቢሮክራት»፣ ለቀድሞ ባለ መሬት «ቅሪተ ፊውዳል» የሚል ስም መጣ፤ ያ ስም የወጣበት ሰው ከአራት ጥማድ በላይ አይይዝም ተባለ። ከዘመዶቼ አንዱ ያ ስም ደርሶታል። ያኔ የነበረው መሬት ትንሽ ነበር፣ ስሙ ግን ትልቅ ነበር። በጣም ተጎድቶበታል፣ ልጆቹም አብረው ተጎድተዋል። ያንን አልክድም።

በቤተሰባችን 1967 «የወደቅንበት ዓመት» ነው። እማሆይን ስጠይቃቸው ግን ፊታቸው ሌላ ሆነ። በስማቸው መሬት የያዙት ያን ጊዜ ነው። ከግቢው በታች፣ ወደ ሐይቁ መውረጃ ላይ፣ ሁለት ጥማድ። «መጀመሪያ የዘራሁት ጤፍ ነው» አሉኝ። «ነጭ ጤፍ። ሁለቴ ፈጭቼ በላሁት።»

ከወፍጮው ያላቀቃቸው ግን አዋጁ አይደለም። ሐሙሲት ላይ የሞተር ወፍጮ ሲተከል ነው። እህል ተሸክሞ ያን ያህል መንገድ መሄድ ከመፍጨት ይቀላል ይላሉ። ስለዚያች ሞተር ድምፅ ሲያወሩ እንደ ዘፈን ነው የሚያወሩት።

ዛሬ ታችኛው ማሳ በብዛት ሩዝ ሆኗል፤ ከፎገራ የተነሳው ሩዝ ሽምብራውን ገፍቶታል። ዳርቻውን ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እንቦጭ ይዞታል፤ ሐይቁ ሲሸሽ ጥሎት የሚሄደው አረም ነው፣ እሱን ሳያጸዱ አይዘሩም። ከግቢው የአዳራሹ ግድግዳ ቆሟል። ክዳኑ ከወደቀ ቆይቷል። ጎተራ የሚባል የለም። ወፍጮ ቤቱ በአንድ ጎኑ ተንዷል፤ ድንጋዮቹ ግን መደባቸው ላይ እንደተተከሉ ናቸው። መሃላቸው ተበልቶ ጎድጉዷል። እጄን አስገብቼ አይቻለሁ፣ ክርኔ ድረስ ባይደርስም መዳፌ ሙሉ ይገባል።

አሁን በቤተሰቡ መካከል ክርክር አለ። ውጭ አገር ያሉ የአጎቶቼ ልጆች ገንዘብ ልከዋል። አዳራሹን እናድስ፣ ቆርቆሮ እናልብስ፣ ዓመታዊ ዝክር እናድርግበት ይላሉ። ሐሳባቸውን አልጠላሁትም። ነገር ግን የተላከው ገንዘብ ለአንድ ጣራ ብቻ ነው የሚበቃው። እኔ ደግሞ ያ ጣራ የወፍጮ ቤቱ ይሁን ባይ ነኝ። የአዳራሹ ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ጥቂት ዓመት ይታገሣል። የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ አንድ ክረምት ከጨመረ የለም። ድንጋዮቹን የሚያውቋቸው፣ የትኛው የዳጉሳ፣ የትኛው የጤፍ እንደነበር መናገር የሚችሉት ደግሞ እማሆይ ብቻ ናቸው። እሳቸው እያሉ መሆን አለበት። በበሩ ላይ የእናታቸው ስም እንዲጻፍም ጠይቄያለሁ። ክርስትና ስሟንም፣ እማሆይ የሚያስታውሱትን የቀድሞ ስሟንም።

ታላቁ አጎቴ ገና አልተስማማም። «የቤታችንን ገመና ለምን በር ላይ እንጽፋለን» ይላል። እየተነጋገርን ነው። ባለፈው ግን ከእኔ ጋር ሄዶ እማሆይ ዘንድ ተቀምጧል፤ ቡና ጠጥተዋል፣ ስለ እናታቸውም ራሱ ጠይቋቸዋል። ከዚያ በፊት ጠይቋቸው አያውቅም።

ክዳኑ ቆርቆሮ እንዲሆን አልፈልግም። ሰንበሌጥ ነው የምፈልገው። ከክረምት በኋላ ደርቆ የሚታጨድበት ጊዜ ደርሷል። ችግሩ የሚከድን ሰው ነው፤ በዚያ አካባቢ ያሉት ባለሙያዎች አርጅተዋል፣ ወጣቶቹ የሚያውቁት ቆርቆሮ ነው። በደራም ይሁን በፎገራ፣ በእስቴም ይሁን በደንቢያ፣ ሰንበሌጥ አሳምሮ የሚከድን ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ሣሩን እኛ አሳጭደን እናቀርባለን። የእጁን ዋጋ ባለሙያው ራሱ ይናገር፣ በጥሬ ገንዘብ እንከፍላለን።